ሚላኖ ላይ በዘጠኝ ሰዓት አይራብም

ስለ ጣልያን ምግብ የሚወራው ሁሉ ስለ ጣዕሙ ነው። ስለ ሰዓቱ የሚነግርህ የለም። ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣብኝ እኔ መጀመሪያ የማስጠነቅቀው ግን ስለ ሰዓቱ ነው። ሚላኖ ውስጥ ምሳ ማለት በኛ አቆጣጠር ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ኩሽናው ይዘጋል። በሩ ክፍት ነው፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ አስተናጋጁም ቆሟል። ምግብ ግን የለም። «ኩሽና ተዘግቷል» ይልሃል፤ አነጋገሩ በዚህ ሰዓት መራብህ ያንተ ጥፋት ነው የሚል ይመስላል። እራት ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት እምብዛም አታገኝም። መሃል ላይ የራበው ሰው ያለው ዕድል ቁራሽ ፒዛ፣ ሳንዱች ወይ ጄላቶ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዘጠኝ ሰዓት የራበው ሰው ያገኘው ምግብ ቤት ጎራ ይላል። «ምን አለ?» ይላል። ልጅቷ ሜኑውን በቃሏ ትወጣዋለች። ከጠራችው ግማሹ አልቋል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥብስ ቢጠፋ ሽሮ አይጠፋም። በዚህ ሰዓት ምን ያስበላሃል የሚልህም የለም። እንዲያውም «እስካሁን ምሳ ሳትበላ!» ብላ ታዝንልሃለች።

ብዙ አበሻ የጣልያኖቹን ነገር ንፍገት ያደርገዋል። እኔ አይመስለኝም። እኛ ስንጾም የምናደርገውን ጥንቃቄ እነሱ ሲበሉ ያደርጉታል። የቱ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ የቱ መቼ እንደሚቀርብ ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ካፑቺኖ የጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ብታዝ ማንም አይከለክልህም፤ እንግዳ መሆንህን ግን ባሩ በሙሉ አውቆታል። የባሕር ምግብ ያለበት ፓስታ ላይ ፎርማጆ አይነሰነስም። ሰላጣው ከፓስታው ጋር አይመጣም፣ ተራው ሲደርስ ለብቻው ነው የሚቀርበው። ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ሆኖም ፓስታውን በዳቦ እየጠቀለለ የሚበላ አታይም። ዳቦው የሚፈለገው መጨረሻ ላይ፣ ሳህኑ ላይ የቀረችውን ስጎ ለመጥረግ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ነው እኔ ፓስታ በእንጀራ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ሥራ የምሄደው።

ምሳ ዕቃ መያዝ ለሚላኖዎች አዲስ ነገር አይደለም። «ስኪሼታ» ይሉታል። ድሮ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር የሚይዘው፤ ዛሬ ቢሮ የሚሠራውም ይይዛል፤ ውጭ መብላት ኪስ ይጎዳል። ብዙ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የምግብ ቲኬት ይሰጣል፤ ግን ሰዉ ቲኬቱን ሰብስቦ ሱፐርማርኬት አስቤዛ ይገዛበታል። እና በምሳ ሰዓት ማይክሮዌቩ ፊት እንሰለፋለን። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ዕቃዬን ስከፍት ስፓጌቲው በበርበሬ ቀልቷል፤ ከሥሩ እንጀራ ተነጥፏል። ጠቅለል አድርጌ ስጎርስ ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ሹካውን አስቀመጠ። ከደቡብ ጣልያን፣ ከፑልያ የመጣ፣ ጡረታው የደረሰ ሰው ነው።

«ፓስታ ነው?»

«ፓስታ ነው።»

«በእጅ?»

«በእጅ። እናንተ አመጣችሁልን፤ እኛ አሻሻልነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም እየሳቅሁ ምሳ ዕቃዬን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለትና «ቅመስ» አልኩት። ሰውዬው ሁለት እጁን አነሳ። «አይ፣ አይ፣ ያንተ ምሳ ነው» አለ። ጠልቶ አይደለም። የሰው ምሳ ውስጥ እጅ መስደድ እዚህ ነውር ስለሆነ ነው። ዙሪያውን ስመለከት ለካ ሁሉም የየራሱን ሳህን አቅፎ ነው የተቀመጠው። ሩዝ ያመጣው ሩዙን፣ ሰላጣ ያመጣችው ሰላጣዋን።

አገር ቤት ቢሮ ሳለሁ የምሳ ሰዓት ሌላ ነበር። ምሳ ዕቃው ሁሉ ተከፍቶ መሃል ላይ ይገፋል። የማን ወጥ የማን እንደሆነ ሁለት ጉርሻ ሳይቆይ ይጠፋል። ሽሮ ያመጣው የሌላውን ቅቅል ይበላል፤ «የዛሬው የማናት? እጇ ይባረክ» ይባላል። ረቡዕና ዓርብ ላይ የፍስክ ያመጣ ብቻ ጥጉን ይይዛል። እውነቱን ለመናገር ግን የኛም እንከን አያጣም። የትም መሥሪያ ቤት ምሳ ዕቃ ይዞ የማያውቅ፣ እጁን ታጥቦ ብቻ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱን ሚላኖ ላይ አላየሁትም። አልናፈቀኝምም።

ወደ ቡናው ልሂድ። አዲስ አበባ ካፌዎች ውስጥ የሚያጓራው የቡና ማሽን የትውልድ ቦታው በአብዛኛው ይሄ ከተማ ነው። ሉዊጂ ቤዜራ የሚባል ሚላኖዊ እንደ ፈረንጆቹ በ1901 በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን አስመዘገበ። የዚሁ ከተማ ሰው የሆነው አኪሌ ጋጃ ደግሞ በ1938 እንፋሎቱን ትቶ በግፊት የሚያወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ፤ ላዩ ላይ የሚታየው አረፋ የመጣው ከሱ ማሽን ነው። ማሽኑ የተፈለገው ሰዉ ቶሎ ጠጥቶ ወደ ሥራው እንዲሄድ ነው። አሁንም እንደዚያው ነው። ባንኮኒው ጋ ትቆማለህ፣ አንድ ዩሮ ከምናምን ሳንቲም ትከፍላለህ፣ ሦስት ጊዜ ፉት ትላለህ፣ ትወጣለህ። ቁጭ ካልክ ዋጋው ይጨምራል። ካቴድራሉ ያለበት ዱኦሞ አደባባይ አጠገብ ቁጭ ካልክማ አይወራም።

እኛ ያንኑ ማሽን ወሰድንና ወንበር አስቀመጥንበት። በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት፣ በዚያ ላይ ሊስትሮ። አንድ ዘመዴ ሚላኖ ላይ ማኪያቶ አዞ ሲመጣለት ስኒውን አዘንብሎ አየና «ቀሪውስ?» አለኝ። እዚህ ማኪያቶ ወተት ጠብ የተደረገበት አንድ ጉንጭ ቡና ነው። ያ በብርጭቆ ነጭና ቡኒ ተደራርቦ የሚቀርበው የአዲስ አበባ ነው፤ እሱን ፍለጋ ጣልያን አይመጣም።

ከፎቅ በታች የሚኖሩ አንዲት ሲኞራ አሉ። አንድ እሑድ ባለቤቴ ቡና ስትቆላ ጭሱ በደረጃው ወርዶባቸው በሩን አንኳኩ። የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሏቸዋል። ስናስረዳቸው ሽታውን ወደዱት። «ይግቡ» አልናቸው፣ ገቡ። ፈንዲሻውን ዘገኑ። ስለ ረከቦቱ ጠየቁ። አቦሉ ሲቀዳላቸው እንደ ባር ቡና በሁለት ጉንጭ ጨረሱትና አመስግነው ብድግ አሉ።

«ሲኞራ፣ ገና ሁለት ይቀራል እኮ!»

ሰዓታቸውን አዩ። «ልጄ፣ የፓስታ ውሃ ጥጃለሁ» አሉ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሄዱ። አሁን ስንጠራቸው ይመጣሉ፤ ግን አስቀድመው ምን ያህል እንደሚፈጅ ይጠይቃሉ።

የጣልያንን ጓዳ በደንብ የሚያውቀው ማነው ብትለኝ እንደኔ ዓይነቱን አልጠራልህም። አረጋውያን እየጦሩ የኖሩትን እናቶቻችንን ነው የምጠራው። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች እንደ ፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚህ መጥተው ሰው ቤት ገቡ። ዛሬም ብዙዎቹ ሽማግሌና አሮጊት ይንከባከባሉ። ሬስቶራንት ውስጥ የማይሸጠውን የጣልያን ምግብ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ለታመመ የሚቀቀለውን መረቅ፣ ጥርስ ለሌለው የሚፈጨውን ድንች፣ ለገና ዋዜማ የሚሠራውን ዓሣ። አንዲት የማውቃቸው እናት ሪዞቶ ሲሠሩ ላየ ሚላኖ የተወለዱ ነው የሚመስለው። ሩዙን በቅቤ ያሻሉ፣ መረቁን ጭልፋ በጭልፋ ይጨምራሉ፣ ሳፍሮኑን በሞቀ መረቅ በጥብጠው መጨረሻ ላይ ያፈሳሉ፤ አንድ ደቂቃ አይለቁትም። ለራሳቸው ግን አይቀምሱትም። «ቅልጥም አለበት፣ ቅቤ አለበት፤ ጾም ነው» ይላሉ።

በነገራችን ላይ ለጾመኛ ጣልያን አይከፋም። ማሪናራ ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ፎርማጆ የለበትም። ምስሩም ሽምብራውም ሞልቷል። መጠንቀቅ ያለብህ ፓስታው ላይ ነው። ደረቁ ፓስታ ዱቄትና ውሃ ነው፤ ትኩሱ ግን ብዙውን ጊዜ በእንቁላል ነው የሚቦካው። በእንቁላል የሚቦካውን ታሊያቴሌ አዝዞ ጾሜን ነኝ የሚል አበሻ ስንት አለ!

የሚገርመው ነሐሴ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ይባላል፤ ለካቶሊኮቹ የእመቤታችን ዕርገት ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ይራገፋል። ሬስቶራንቱ ሁሉ «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ ሥጋው ይጠበሳል፣ ሐብሐቡ ይታረዳል። በኛ ቀን አቆጣጠር ያ ዕለት ነሐሴ 9 ነው፤ የፍልሰታ ጾም እኩሌታ። በአንዲት ማርያም ስም እነሱ ይበላሉ፣ እኛ እንጾማለን።

የአበሻ ምግብ የምትፈልግ ከሆነ ፖርታ ቬኔዚያ የሚባለው ሰፈር ትሄዳለህ። ላዛሬቶ የሚባለው መንገድና አካባቢው ነው። ስሙን ያገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተሠራው የወረርሽኝ ማቆያ ነው፤ በፈረንጆቹ 1630 ወረርሽኝ ጊዜ ሕመምተኛው እዚያ ይከተት ነበር። ዛሬ በዚያው ሰፈር የበርበሬ ሽታ ያውድሃል። ሽሮው ደህና ነው፣ ክትፎም አታጣም። እንጀራው ላይ ግን አትድከም። ጤፍ ከአገር ቤት በጥሬው እንዳይወጣ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ስለዚህ ስንዴም ገብስም በቆሎም ይቀላቀላል። ክረምት ሊጡ አልቦካ ሲል ማሞቂያው ሥር ይከተታል። ዓይኑ ያማረ እንጀራ የወጣለት ቀን ባለቤቱ ራሱ ይዞት ይወጣል።

ማታ ማታ ደንበኛው በአብዛኛው ጣልያን ነው። መጀመሪያ ሹካ ይጠይቃሉ። «የለም» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፤ የመጡት ለዚያም ነው። አንድ ትሪ ላይ አብረው መብላቱን ይወዱታል። ቤታቸው የማያደርጉትን እዚህ ከፍለው ያደርጉታል። ያም ሆኖ በትሪው ላይ መሃል ለመሃል የማይታይ መስመር አለ። የሷ በሷ በኩል፣ የሱ በሱ በኩል። ክትፎው ወደ እሷ ካደላ አይሻገርም።

ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። የጣልያን ሬስቶራንት ሜኑ ላይ ያየኸው ዋጋ ግብሩን ጨምሮ ነው። የሚጨመርብህ «ኮፔርቶ» የሚሉት፣ ለመቀመጫና ለዳቦ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሦስት ዩሮ ነው፤ እሱም ሜኑው ላይ ተጽፏል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ግን ዋጋው አማረልኝ ብለህ ካዘዝክ በኋላ 15 በመቶ ቫት፣ አንዳንዱ ቤት 10 በመቶ ሰርቪስ ይከመርበታል። ከዚያ ለአስተናጋጇ ደግሞ ከኪስህ። ይህን በተመለከተ ጣልያኖቹን አመሰግናለሁ።

ፖርታ ቬኔዚያ ላይ ጣልያኖቹ ሂሳብ መክፈያው ጋ ሄደው እያንዳንዱ ካርዱን እየነካ ይወጣል። አበሾቹ ደግሞ «በሞቴ»፣ «አይሆንም»፣ «ሞቼ እገኛለሁ» ይባባላሉ። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል። አንድ ምሽት አጠገባችን የነበሩት ጥንዶች ጠብ መስሏቸው አስተናጋጇን ጠሩ። «መክፈል ፈልገው ነው» አለቻቸው። ከመጀመሪያው ይልቅ ያኔ ነው የደነገጡት።

ይህን ለአገር ቤት ሰዎች ስነግራቸው እንደ ድሮው አይስቁም። ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ የእህቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ቦሌ እራት ጋበዘችኝ። ደረሰኙ መጣ። «በሞቴ» ያለ የለም። ሁሉም ስልኩን አወጣ። አንዱ ቀድሞ ከፈለ፣ የቀሩት ድርሻቸውን በቴሌብር ላኩለት። እንደ ሚላኖ ልጆች ሳንቲሟ ሳትቀር ተሰልታለች። በዛሬው ኑሮ አንድ ደሞዝተኛ ስድስት ሰው ላብላ ቢል ወሩን በምን ይደርሳል? እኔም ስልኬን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ አንተ ተው» አለች የእህቴ ልጅ። «እንግዳ አይከፍልም።»

የኔን ለአምስት ተካፈሉት።