ጊታሩ ግጥሙን እንዳይውጠው

በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስም ያተረፈ፣ ግጥሙ የሚጠቀስለት ድምፃዊ አንድ ቀን ጊታር አንግቦ ከሮክ ባንድ ጋር ብቅ ሲል አድናቂው ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «ከዳን» ይላል፤ ገሚሱ «አሁን ገና እውነተኛ ሙዚቃ ጀመረ» ብሎ ያጨበጭባል። ሁለቱም አይዋጡልኝም፤ በተለይ ሁለተኛው። ስድስት ክር የተወጠረበት እንጨት ከኮምፒውተር ይልቅ ለእውነት ይቀርባል ያለው ማን ነው? የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሬዲዮሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ጊታሩን ገፋ አድርጎ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲዞር ውሸታም ሆነ ማለት ነው?

እንዲያውም ለቃል ይበልጥ የሚመቸው ኤሌክትሮኒኩ ነው። ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥረው መሣሪያ፣ ከታች ባሱን፣ ከላይ ስስ ድምፆችን ይዞ መካከሉን ለዘፋኙ መልቀቅ ይችላል፤ በሹክሹክታ የወጣች ቃል እንኳ ትሰማለች። ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ የሮክ ጊታር ግን የሚሰፍረው የሰው ድምፅ በሚሰፍርበት ቦታ ላይ ነው። ድምፃዊው ላለመሸነፍ ይጮኻል። ያኔ አናባቢው ይረዝማል፣ ተነባቢው ይሰወራል፤ አድማጩም ዜማውን ይዞ ስንኙን ሳይሰማ ይቀራል።

ታዲያ ድምፃውያኑ ምን ፍለጋ ወደ ሮክ ይሻገራሉ? ለእኔ መልሱ ጊዜ ነው። ማሽን በደቂቃ 120 ምት ተብሎ ከተሞላ፣ አንድ ሐረግ ትንፋሽ ቢያጥራት ቆሞ አይጠብቃትም። ከበሮ መቺ ግን የዘፋኙን ትከሻ አይቶ ይዘገያል። አሜሪካዊቷ ገጣሚና የሮክ ዘፋኝ ፓቲ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1971 ኒውዮርክ ውስጥ በሴንት ማርክስ ቤተ ክርስቲያን ግጥም ስታነብ ሌኒ ኬይ በኤሌክትሪክ ጊታር አጅቧት ነበር። የመጣችው ከማሽን ሳይሆን ከወረቀት ነው፤ ቢሆንም መሪው ግጥሙ፣ ተከታዩ ጊታሩ እንደነበር ልብ ይሏል።

በሲንተሳይዘር የታወቀው የእንግሊዝ ባንድ ዴፔሽ ሞድም እ.ኤ.አ. በ1993 ሻካራ ጊታርና በሰው እጅ የተመታ ከበሮ ይዞ መጥቶ፣ አልበሙ በብሪታኒያም በአሜሪካም ቁጥር አንድ ሆነ። ማሽኖቹን ግን አልጣላቸውም። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

አዲስ ተሻጋሪዎች ከአሜሪካው ሮክ ባንድ ከፒክሲስ ቢማሩ ደስ ይለኛል። በዘፈኖቹ ስንኙ ሲመጣ ጊታሩ ይለዝባል፤ አዝማቹ ላይ ይፈነዳል። ግጥም ለሚወድ ድምፃዊ ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላውቅም፤ የተራቀቀውን ሐሳብ በዝግታው ውስጥ ይናገራል፣ ለፍንዳታው ደግሞ ለመጮህ የምትመች አንዲት አጭር መስመር ትበቃዋለች።