ኪልት ለሰልፍ እንጂ ለውጊያ አይሆንም

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኪልት ለብሰው የተነሱ የስኮትላንድ ወታደሮች ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር አንድ ሐሳብ አብሮ ይመጣል። «ይህን የመሰለ ልብስ ለምን ተዉት? ይመለስላቸው እንጂ!» የሚል። ስሜቱ ይገባኛል። ኪልት በጣም ያምራል፣ ግርማ ሞገስም አለው። እኔም የስኮትላንድ ወታደሮች በሰልፍ ሲያልፉ ካየሁ ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። ለውጊያ ይመለስ ከተባለ ግን አልስማማም። የዚያ ልብስ ዋጋ የተከፈለው በወታደሩ ቆዳ ነው።

ኪልት ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከፊት ተደራርቦ ከኋላ በሽንሽን የተሰፋ፣ ባለካሬ የሱፍ ልብስ ነው። የወታደር ኪልት 6 ሜትር ገደማ ጨርቅ ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሁሉ ጨርቅ ወገብ ላይ ሲጠመጠም ደረቅ እያለ እንኳ ከባድ ነው።

ስኮትላንዶች ለምን እንደዚህ እንደሚወዱት ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1746 የሃይላንድ፣ ማለትም የስኮትላንድ ተራራማ ክፍል፣ አማፅያን ኩሎደን በተባለ ቦታ ላይ ተሸነፉ። የብሪታንያ መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ የሃይላንድን ልብስ ከለከለ። ለብሶ የተያዘ ሰው 6 ወር ይታሰራል፤ ሁለተኛ ከተያዘ ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ከዚህ ክልከላ ነፃ የነበሩት በንጉሡ ጦር ውስጥ ያሉ ወታደሮች ነበሩ። ሕጉ እስኪሻር ድረስ፣ ማለትም እስከ 1782፣ አንድ ሃይላንደር የአባቱን ልብስ በሕጋዊ መንገድ ሊለብስ የሚችለው ወታደር ሲሆን ነው ማለት ነው። እንደ ብላክ ዎች ያሉት የሃይላንድ ሬጅመንቶች (የጦር ክፍሎች) ልብሱን በሕይወት ያቆዩት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ የስኮትላንድ አዛውንት «ኪልታችንን አትንኩብን» ሲል ስለ ፋሽን እያወራ አይደለም፤ የተነጠቀ ነገር ታሪክ አለው። ይህን ሳያከብሩ መከራከር ተገቢ አይመስለኝም።

ጥቅም አልነበረውም ማለትም አይቻልም። ተራራ ለመውጣትና ለመሮጥ እግርን ነፃ ይለቃል። ወንዝ ሲሻገሩ እግር ቢረጥብ እንኳ ቶሎ ይደርቃል፣ ረጥቦ የሚለጠፍ ሱሪ የለም። ሽንሽኑ ወገብና ሆድን ያሞቃል። ሱፍ ደግሞ በቀላሉ በእሳት አይያያዝም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከሩቅ የሚመታ ጠመንጃ ባልነበረበት፣ ውጊያ በአብዛኛው በሳንጃና በሩጫ በሚወሰንበት ዘመን፣ ይህ ሁሉ ትርጉም ነበረው።

ችግሩ ዘመኑ ሲቀየር መጣ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማገርስፎንቴን ላይ የሃይላንድ ብርጌድ ወታደሮች ከብሪታንያ ጋር ይዋጉ የነበሩት ቦየሮች (ከደች የሚወለዱ ነጭ ሰፋሪዎች) ከቆፈሩት ምሽግ ፊት ለፊት ንጋት ላይ ተያዙ። አዛዣቸው ጄኔራል ዋውኮፕ ተገደለ። የተረፉት በደረታቸው ተኝተው፣ ቀና ማለት ሳይችሉ፣ ለረጅም ሰዓታት በዚያ በጋ ፀሐይ ተጠበሱ። ኪልታቸው እስከ ጉልበት ስለሆነ ቋንጃቸው የተራቆተ ነበር። ቆዳው ተቃጥሎ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ብዙዎቹ መራመድ አቃታቸው። አስቡት እንግዲህ፤ ከጥይት የተረፈ ወታደር ልብሱ ባለመሸፈኑ ብቻ እግሩን ማጠፍ ሲያቅተው። በዚያው ጦርነት ኪልቱ ከሩቅ እንዳይታይ ከላዩ የካኪ ሽርጥ እንዲታሰር ተደረገ። ልብሱን ለመደበቅ ሌላ ልብስ መጨመር ካስፈለገ፣ ያኔውኑ ማቆም ነበረባቸው እላለሁ።

አላቆሙም። በ1914 በሺዎች የሚቆጠሩ ስኮትላንዶች በኪልት ወደ ፈረንሳይና ቤልጂየም ምሽጎች ገቡ። በ1915 የካናዳ ሃይላንደሮችም እንደዚሁ። ምሽግ ውስጥ ደግሞ ጭቃ ነው ያለው፣ ሳምንት ሙሉ የማይደርቅ ጭቃ። ሱፉ ውሃና ጭቃ ሲጠጣ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ክረምት ላይ የኪልቱ ጠርዝ በረዶ ሆኖ ይደርቅና በእያንዳንዱ እርምጃ ቋንጃን ይቆርጣል፤ ወታደሮቹ ደማቸው እየፈሰሰ ይሄዱ ነበር። ሽንሽኑ ውስጥ ቅማል ይሰፍራል፣ እንቁላሉን እዚያው ይጥላል፣ ሽንሽን በሽንሽን እየገለጡ በሻማ እሳት ቢለበልቡትም ተመልሶ ይመጣል። የሽቦ አጥር ላይ ሲያልፉ ጨርቁ ተይዞ ይቀራል።

ከሁሉም የከፋው ጋዙ ነው። ጀርመን በሐምሌ 1917 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ መጠቀም ጀመረች። ይህ መርዝ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚያጠቃው፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ ላብ ያለበትን ቦታ፣ ብብትን፣ ጭንን፣ ብሽሽትን ደግሞ ይመርጣል። ጭምብል ፊትን ያድናል። ኪልት የለበሰን ሰው ጭን ምን ያድነዋል? እዚህ ላይ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገንም። በእኛ 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ ላይም ማይጨው ላይም ይህንኑ መርዝ በአያቶቻችን ላይ አዝንበዋል። አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፣ የለበሱት ስስ ጥጥ ነበር፣ ጭምብል አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ሄደው ለዓለም የተናገሩት ስለዚህ ነው። የእኛዎቹ የሚለብሱት ሌላ ነገር ስላልነበረ ተቃጠሉ። ሱሪና መከላከያ ልብስ ማምረት የሚችል ሀብታም ኢምፓየር ግን ወታደሩን በባህል ስም ጭኑን ገልጦ ወደዚያ መርዝ ሲልክ ምን ሊባል ይችላል? እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

በመጨረሻ ገባቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የጦር ሚኒስቴሩ ኪልትን ከግንባር አወጣው፤ የጋዝ ስጋት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በ1940 ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩት ካሜሮን ሃይላንደርስ በኪልት የተዋጉ የመጨረሻዎቹ ተብለው ይታወሳሉ፤ እነሱም ውሳኔውን በደስታ አልተቀበሉትም።

ዛሬስ? ዛሬ ነገሩ ይብስበታል እንጂ አይሻልም። የብሪታንያ ጦር አፍጋኒስታን ውስጥ መንገድ ላይ በሚቀበር ፈንጂ ስንት ወጣት እግሩንና ብሽሽቱን ሲያጣ አይቶ ወታደሩ ከሱሪው ሥር የሚለብሰው የሐር መከላከያ ሙታንታ አደለ። ሌላም ከላይ የሚታሰር መከላከያ ጨመረበት። የዘመኑ የውጊያ ሱሪ ጉልበት ላይ መከላከያ አለው፣ ጭን ላይ ትልልቅ ኪስ አለው፣ ቀለሙ በሌሊት መነጽር ጭምር እንዳይታይ ተብሎ ይሠራል። ከሄሊኮፕተር በገመድ የሚወርድ፣ ጠባብ የታንክ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ፣ የፓራሹት ማሰሪያ በሁለት ጭኖቹ መሀል የሚያልፍ ወታደር ኪልት ለብሶ ምን ያደርጋል? የኬሚካል መከላከያ ልብሱንስ ከላዩ እንዴት ይደርበዋል? ወባ ያለበት ቦታ ሲላክ ትንኙስ?

«የወታደር ሞራልስ?» የሚሉ አሉ። ከመከራከሪያዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ለዚህ የምሰጠው ምሳሌ ግን ከራሳቸው ከስኮትላንዶች ነው። በጥቅምት 1942 ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜን ላይ የተዋጋው 51ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦር ኪልት አልለበሰም። እንደማንኛውም የበረሃ ወታደር ቁምጣና ሸሚዝ ነበር የለበሱት። ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የስኮትላንዶች የትንፋሽ መሣሪያ) እየተነፋላቸው በሌሊት ፈንጂ በተቀበረበት ሜዳ ላይ በእግራቸው ገቡ፣ ከባድ መስዋዕትነት ከፍለው አለፉ። ያ ወኔ ከጨርቁ አልመጣም። አብሮ አደግ ከአብሮ አደግ ጋር ስለተሰለፈ፣ ዜማውንም ስለሚያውቁት፣ የሬጅመንታቸው ስም ስለሚያስጨንቃቸው ነው የመጣው። በርግጥ በ1944 ኖርማንዲ ሲወረር ቢል ሚሊን የተባለው የ21 ዓመት ባግፓይፕ ነፊ የአባቱን ኪልት ለብሶ ሶርድ በተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ወርዷል፣ ጥይት እየዘነበም ሲነፋ ነበር። ሳነበው ሁሌ ልቤን ይነካኛል። ግን እሱ የያዘው የሚነፋ የሙዚቃ መሣሪያ ነበር። ጎኑ የነበሩት፣ ጠመንጃ ይዘው የሚዋጉት ኮማንዶዎች ሱሪ ለብሰው ነበር።

ግሪኮች ይህን ጥያቄ በሚገባ መልሰውታል። የኤቭዞን ጠባቂዎች ያንን ነጭ፣ 400 ሽንሽን አለው የሚባል ጉርድ ለብሰው አቴንስ ውስጥ የማይታወቀው ወታደር ሐውልት ፊት ይቆማሉ። በጦር ሜዳ ግን ያን ልብስ ከመቶ ዓመት በፊት ነው የተዉት። እኛም ጋ ቢሆን የካቲት 23 አርበኞች ጎፈርና ለምድ ለብሰው ሲወጡ ደማችን ይሞቃል፣ ነገ ጠዋት ግን ወታደሩ በዚያ ልብስ ግንባር ይሰለፍ የሚል ሰው አልሰማሁም። በዚህም የዓድዋ ክብር ቅንጣት አልጎደለበትም።

ለኪልት የሚቆረቆር ሰው የሚታገልለት ሌላ ነገር አለ። በ2006 የስኮትላንድ ሬጅመንቶች ተዋህደው የስኮትላንድ ሮያል ሬጅመንት ከተመሠረተ በኋላ ባሉት ዓመታት ኪልት ለሁሉም ወታደር አልበቃ ብሎ ለሰልፍ እየተዋዋሱ ይለብሱ እንደነበር የብሪታንያ ጋዜጦች ጽፈዋል። አሳፋሪ ነው። ወጣቱ ወደዚያ ሬጅመንት ሲገባ በልኩ የተሰፋ የራሱ ኪልት ይሰጠው፣ ሲሞሸርም ይልበሰው፣ ጓዱን ሲቀብርም ይልበሰው፣ ጡረታ ሲወጣም ይዞት ይሂድ። ለዚህ በጀት ጠይቁ፣ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። ወደ ግንባር ሲላክ ግን ሱሪውን ስጡት።