የፓወር ሰፕላይ ዋት ቆጣሪ አያስሮጥም

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን በትንሽ ብር ሊገጣጥም ላሰበው ልጅ «550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አትግዛ፣ ቆጣሪህን ያስሮጠዋል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም።

ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት የሚመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያቀብል መሣሪያ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ዋት መስጠት የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚስበው አይደለም። ዕቃዎቹ 100 ዋት ቢፈልጉና የፓወር ሰፕላዩ ብቃት (ከሚስበው ውስጥ ለዕቃዎቹ የሚያደርሰው) 85 በመቶ ቢሆን፣ ከሶኬቱ የሚሳበው 118 ዋት ገደማ ነው። 400ም ይሁን 550፣ ብቃታቸው እኩል ከሆነ ሒሳቡ ያው ነው።

ይልቅ መብራት የሚበላው ብቃት የሌለው ርካሽ ዕቃ ነው። ርካሹ ደግሞ የተጻፈበትን ዋት ላይሰጥም ይችላል፤ ከኬዝ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ጋር የሚመረቀውን አገላብጠህ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብብ። በትልቁ 500 ዋት ብሎ፣ የ12 ቮልቱ መስመር ላይ 18 አምፔር ብቻ የሚል አይጠፋም። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚቀለቡት ከዚሁ መስመር ነው! የቀረው ቁጥር ለጌጥ ነው ማለት ይቻላል።

አንተም ልጁ፣ አብሽር። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት አገር ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስት። መቆጠብ ካለብህ ከኬዙ ባለቀለም መብራት ጀምር።