የጃቲሉዊህ ገበሬ የሩዝ እርከኑን ለቪላ ያከራይ ወይስ አያከራይ?

ጃቲሉዊህ በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት፣ በታባናን አውራጃ፣ በባቱካሩ ተራራ ተዳፋት ላይ የምትገኝ የሩዝ ገበሬዎች መንደር ናት። እርከኖቿ የሚጠጡት ሱባክ በሚባለው የጋራ የመስኖ ማኅበር አማካይነት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሌሎች የባሊ ሱባኮችና የውኃ ቤተ መቅደሶች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከደቡቡ የባሕር ዳርቻ የተነሣው የቪላ ግንባታ ግን ወደ ታባናን እየገፋ መጥቷል። በ2025 መጨረሻ በእርከኑ ክልል ውስጥ ከደንብ ውጭ ተሠርተዋል የተባሉ ምግብ ቤቶችና ማረፊያዎች ሲታሸጉ፣ ገበሬዎች በገዛ ማሳቸው ላይ ቆርቆሮ አቁመው ተቃውመዋል። ከዚህ በታች ሁለት ጸሐፊዎች የሚከራከሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ በእርከኑ ላይ መገንባትን የሚከለክለው ደንብ ላልቶ ገበሬው መሬቱን እንዲያከራይ ይፈቀድለት?

ደጋፊ ወገን

ክርክሬን የምጀምረው ከመልክዓ ምድሩ ውበት ሳይሆን ከገበሬው ጓዳ ነው። በባሊ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ የሩዝ ይዞታ በአብዛኛው ከግማሽ ሄክታር በታች ነው፤ አባት ለወንዶች ልጆቹ ባካፈለ ቁጥርም ይጠብባል። ከዚህች ማሳ የሚገኘው ሩዝ፣ ጃቲሉዊህ የምትታወቅበት ቀዩ የአገር ሩዝ ጭምር፣ ቤተሰቡን ቢመግብም ለልጆች ትምህርትና ለሂንዱ እምነታቸው ሥርዓቶች፣ በተለይም ለአስከሬን ማቃጠል ሥነ ሥርዓት፣ የሚያስፈልገውን ገንዘብ አያስገኝም። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ደቡብ ባሊ ሆቴሎች ወይም ወደ መዝናኛ መርከቦች ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ከጭቃው ጋር የሚቀሩት አባትና እናት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከ6 ሚሊዮን በላይ የውጭ አገር ጎብኚዎች ባሊ ገብተዋል። ወደ ጃቲሉዊህ የሚወጣው ጎብኚ ሊያይ የመጣው ገበሬው ያረሰውን፣ ያረመውንና ጠርዙ በተናደ ቁጥር የጠገነውን እርከን ነው። ምሳ የሚሸጥለት ግን መሬቱ ከመንገድ ዳር የደረሰ ሰው ነው፤ ከእርከኑ መካከል የሚያርሰው ገበሬ የሚደርሰው ፎቶግራፍ መነሣት ነው። ለቅርሱ ጥበቃ ዋናውን ወጪ የሚከፍለው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በመሬቱ ላይ የመወሰን መብቱን ደግሞ እንነፍገዋለን።

ኪራይ ሽያጭ አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ መሠረታዊ የመሬት ሕግ ሙሉ የባለቤትነት መብትን ለውጭ አገር ዜጎች አይፈቅድም፤ ሊያገኙ የሚችሉት በጊዜ የተገደበ የመጠቀም ወይም የኪራይ መብት ነው። ገበሬው ለ25 ዓመት ቢያከራይ መሬቱ በስሙ ይቆያል፤ ውሉ ሲያበቃ ለልጁ ይመለሳል።

ተቃዋሚ ወገን

የተከበሩ ተከራካሪዬ ስለ ገበሬው ጓዳ ያሉት እውነት ነውና አልከራከረውም። የምንለያየው «መሬቱ» ሲሉ ራሱን ችሎ የቆመ ቁራሽ አድርገው በመቁጠራቸው ነው። በጃቲሉዊህ እንዲህ ያለ ቁራሽ የለም። ውኃው ከተራራው በቦይ ተጠልፎ፣ በየመከፋፈያው እየተመጠነ፣ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የሱባኩ አባላት ፔካሴህ በሚባለው የውኃ አባታቸው እየተመሩ መቼ እንደሚተከል፣ ማሳው መቼ እንደሚያርፍ፣ ለማን ምን ያህል ውኃ እንደሚደርስ በጉባኤ ይወስናሉ፤ ይህም የጊዜ ቀመር በውኃ ቤተ መቅደሶች ከሚፈጸመው አምልኮ ጋር የተሳሰረ ነው።

ይህ ቅንጅት ሲናጋ ምን እንደሚከተል ባሊ አንድ ጊዜ በከባድ ዋጋ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት ምርት ለመጨመር አዳዲስ የሩዝ ዘሮችን አስገብቶ ገበሬው ያለ ዕረፍት እንዲተክል ሲገፋፋ፣ ብዙ ሱባኮች የጋራ የመትከያ ወቅታቸውን ተዉ። የተከተለው የውኃ ሽሚያና የተባይ ወረርሽኝ ነበር። ሰፊ አካባቢ በአንድ ጊዜ ሲያርፍ ተባዩ የሚበላው አጥቶ ይመናመናል፤ ሁሉም በየፊናው ሲተክል ግን ከማሳ ወደ ማሳ እየተዛወረ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ጋራው ወቅት የተመለሱት ይህን በማሳቸው ላይ አይተው ነው። እንግዲህ በእርከኑ መካከል ቪላ ሲቆም የሚጠፋው የሩዙ ስፍራ ብቻ አይደለም፤ ቦዩ ይጠብባል ወይም አቅጣጫው ይቀየራል፣ የመታጠቢያ ቤትና የመዋኛ ገንዳ ፍሳሽ ወደ ታችኛው ማሳ ይወርዳል፣ ቦይ ለመጥረግ አብሮ ይወጣ የነበረ አንድ አባልም ይጎድላል።

ውሉ ሲያበቃ መሬቱ ይመለሳል የተባለው በወረቀት ላይ ትክክል ነው። የሩዝ ማሳ ውኃ አቁሮ የሚይዘው ግን በትውልዶች እርሻ ተረግጦ ከሥሩ የጠነከረ የጭቃ ንጣፍ ስላለው ነው። መሠረት ሲቆፈር ይህ ንጣፍ ይበጣጠሳል። ልጁ ከ25 ዓመት በኋላ የሚረከበው ሲሚንቶ ሲሆን፣ አፍርሶ እርከን ለማድረግ የሚያስፈልገውን ወጪ የሚሸፍን የኪራይ ውል አይቼ አላውቅም። በደቡብ የምትገኘው ቻንጉ የሩዝ መንደር ነበረች፤ ዛሬ የተረፈው ማሳ በግንብ መካከል ተቆራርጦ የቀረ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የባሊን ዋና ከተማ ዴንፓሳርንና አካባቢዋን የመታው ጎርፍ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ የባሊ ገዥ ዋያን ኮስተር የእርሻ መሬት ለንግድ ግንባታ መዋሉን እንደሚያስቆሙ አስታውቀዋል። ጃቲሉዊህ ከዚያ ዓይነት ሐዘን በኋላ የምትጠበቅ መንደር እንድትሆን አልፈልግም።

ደጋፊ ወገን

ስለ ውኃው የቀረበው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ ቦይ ሰው ይፈልጋል። ሩዝ የማያኖረው ወጣት መንደሩን ለቅቆ ሲሄድ፣ አንድም ቪላ ሳይሠራበት እርከኑ ይናዳል፤ በተዳፋት ላይ ያለ እርከን ጠርዙ በየወቅቱ ካልተጠገነ ራሱን አያቆምም። ክልከላው ሲሚንቶውን ያስቀር ይሆናል፤ ገበሬውን ግን አያስቀረውም።

ማሳቸው ላይ ቆርቆሮ ያቆሙትን ገበሬዎች ደግሜ ማንሣት እወዳለሁ። እነዚህ ሰዎች እርከናቸውን የሚጠሉ አይደሉም። ከአያት የወረሱትን፣ በየዕለቱ የሚንከባከቡትን ማሳ ለጎብኚው ዓይን ሆን ብለው ያስቀየሙት፣ ሌላ የሚሰማላቸው መንገድ ስላላገኙ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ቅርስ የሚጻፈው ሁሉ ይህን ሥዕል ካለፈው ስለ ጃቲሉዊህ ግማሹን ብቻ ተናግሯል።

ተቃዋሚ ወገን

ቆርቆሮው እኔንም ያሳዝነኛል፤ የሚያመለክተው ግን ገበሬው በመሬቱ ካፈራው ሀብት ድርሻ መጠየቁን እንጂ ማሳውን ለቪላ መልቀቅ መፈለጉን አይመስለኝም። ለዚህ ጥያቄ ሕጉ መልስ ነበረው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው የእርሻ መሬት ጥበቃ ሕግ ቁጥር 41፣ መሬቱ ለእርሻ ብቻ እንዲውል ለተወሰነበት ባለይዞታ ማበረታቻ እንዲሰጥ ያዛል፤ ከማበረታቻዎቹም የመሬትና ሕንጻ ግብር ቅናሽ፣ የመስኖ መሠረተ ልማትና የግብርና ግብአት ይገኙበታል። ክልከላውን አጥብቆ ይዞ ማበረታቻውን ማለሳለስ ፍትሕ አይደለም፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

እንግዳ መቀበልንም አልቃወምም። ቤተሰቡ በመኖሪያ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ጨምሮ እንግዳ ቢያሳድር ገቢው በቀጥታ ለእርሱ ይደርሳል፤ ማሳውም ማሳ ሆኖ ይቀጥላል። ከዚህ አልፎ እርከኑን የሚነካ ውል ግን የባለይዞታው ፊርማ ብቻ ሊያጸናው አይገባም። የላይኛው ገበሬ ሲያከራይ ውኃ የሚያጣው የታችኛው ገበሬ በውሉ ውስጥ የለም፤ ካሳም አይከፈለውም። የሱባኩ ጉባኤ ሳይስማማ በእርከኑ ላይ ምንም ውል እንዳይጸና በልማድ ሕጋቸው፣ አዊግ አዊግ በሚሉት፣ ይደንገግ።

ደጋፊ ወገን

በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ስለሚሠራው ማረፊያ እንስማማለን። የሱባኩ ጉባኤ ይወስን የሚለውንም እቀበላለሁ፤ በአንድ ሁኔታ። ጉባኤው የመከልከል ሥልጣን ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ይኑረው። ጎብኚው ለመግቢያ ከሚከፍለው ለሱባኩ የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ይበል፤ ከእርከኑ መካከል የሚያርሰውም መንገድ ዳር ካለው እኩል ከእጁ ይግባለት። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ዘንድሮ ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት የሚከፍለው ያጣው አባት፣ የ25 ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ልክፈልህ ብሎ ደጁ የቆመውን ደላላ ምን ብሎ እንዲመልሰው ነው የምንጠብቀው?