ከብቻ እስር በቀጥታ ወደ ሰፈራችን

የኒው ዮርክ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽነር ዳንኤል ማርቱሴሎ፣ ጠባቂዎች በፌብሩዋሪ 2025 ከማኅበራቸው ፈቃድ ውጪ ሥራ ሲያቆሙ፣ የብቻ እስርን የሚገድበውን ሕግ አንዳንድ ክፍሎች በማስታወሻ አገዱ። በማርች 2025 አድማው ሲያበቃ ደግሞ እገዳው ለ90 ቀናት እንዲዘልቅ ስምምነት ተደረገበት። በምክር ቤት ውይይት ጸድቆ በአገረ ገዢ የተፈረመ ሕግ የድርድር መያዣ ሆነ ማለት ነው።

ጠባቂዎቹ የሚያቀርቡት ዋና ክስ፣ ሕጉ አደገኛውን ታራሚ ከሌላው እንዳንለይ እጃችንን አሰረው የሚል ነው። ይህን ለማለት ሕጉን አለማንበብ ያስፈልጋል። ከባድ ጥፋት የፈጸመን ሰው እስከ 15 ተከታታይ ቀናት ለብቻው መቆለፍን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ከሌሎች ተለይቶ እንዲቆይ፣ ሆኖም በቀን ሰባት ሰዓት ከክፍሉ ወጥቶ ትምህርትና ምክር እንዲያገኝ ያዛል እንጂ ወደ ቀድሞ ቦታው በነጻ ይመለስ አይልም። ጨርሶ የከለከለው ዕድሜያቸው 21ና ከዚያ በታች የሆኑትን፣ 55 የሞላቸውን፣ አካል ጉዳተኞችንና ነፍሰ ጡሮችን ለብቻ ማሰርን ነው። ነፍሰ ጡር ካልተቆለፈችበት ደኅንነት የማይሰማው ዋርድያ ካለ ሌላ ሥራ ይፈልግ። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ጥቃት በዛ የሚሉትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ በዚያው አፋቸው የሰው ኃይል ተመናምኖ 24 ሰዓት ያለ ዕረፍት እንድንሠራ እንገደዳለን ይላሉ። ቀንና ሌሊት ያልተኛ ጠባቂ የሚቆጣጠረው ማረሚያ ቤት ለምን እንደተረበሸ ለማወቅ ሕግ መክሰስ አያሻም። በዲሴምበር 2024 በማርሲ ማረሚያ ቤት፣ እጁ በካቴና ታስሮ በጠባቂዎች ተደብድቦ የሞተው ሮበርት ብሩክስስ የየትኛው የላላ ሕግ ሰለባ ነው?

ለብቻው የታሰረ ሰው አንድ ቀን እንደሚፈታ የሚያስታውስ መጥፋቱ ይገርመኛል። በኮሎራዶ ኢቫን ኢበል የተባለ እስረኛ የእስር ዘመኑን አብዛኛውን ክፍል ለብቻው ተቆልፎ አሳልፏል። ሊፈታ ሲቃረብ፣ አደገኛ ነው ተብሎ የተለየን ሰው ወደ ሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ከሰው ጋር መኖርን መልሳችሁ የማለማመድ ግዴታ የለባችሁም ወይ ብሎ በጽሑፍ አቤቱታ አቀረበ። የተሰጠው መልስ፣ የአቤቱታ ቅጽ ፖሊሲ መከራከሪያ አይደለም የሚል ነበር። በጃንዋሪ 2013 ከዚያው ክፍል በቀጥታ ወደ መንገድ ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላው አንድ ፒዛ አድራሽ ገደለ፤ በማርች 19 ደግሞ የግዛቲቱን ማረሚያ ቤቶች ኃላፊ ቶም ክሌመንትስን በቤታቸው ደጃፍ ተኩሶ ገደላቸው። ክሌመንትስ የብቻ እስርን ለመቀነስ ይደክሙ የነበሩ ሰው መሆናቸው ነገሩን የበለጠ መራራ ያደርገዋል። ኢበል በጽሕፈት ስሕተት አራት ዓመት ቀድሞ ተፈትቷል የሚሉኝ አይጠፉም፤ እውነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላስ የሚወጣው ከየት ነበር?

በክሌመንትስ ቦታ የተተኩት ሪክ ራሚሽ ይህ አልጠፋቸውም። በ2014 መጀመሪያ ላይ እንደ እስረኛ በካቴና ታስረው ገብተው በአንድ የብቻ ክፍል ወደ 20 ሰዓት ገደማ ቆዩ። ግድግዳው ላይ የተፈለፈሉትን ቀዳዳዎች ቆጠሩ፤ ሰዓት አልጠይቅም ብለው ለራሳቸው የገቡትን ቃል አፍርሰው ጠባቂውን ሲጠይቁ ገና ረፋድ 5 ሰዓት ከ10 ነበር፤ እሳቸው ግን ቀናት ያለፉ መስሏቸው ነበር። ኮሎራዶ በ2017 ገደቡን 15 ቀን አደረገችው፤ የተባበሩት መንግሥታትም ስለ እስረኞች አያያዝ በ2015 ባጸደቃቸው የማንዴላ ሕጎች ላይ የተቀመጠው መስመር ይኸው ነው።

አሜሪካ በሚኖረው ወገናችን ዘንድም «ወንጀለኛ ነው፣ ይበለው» የሚል ይሰማል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ እልል ያለ ሰው፣ ጨለማ ቤት ባሕር ማዶ ሲሆን ምኑ እንደሚያምርለት ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ሕጉ ይሻር የሚሉ የምክር ቤት አባላት ረቂቃቸውን ያቅርቡ፣ በስማቸው ድምፅ ይስጡ፣ ለመራጮቻቸውም መልስ ይስጡበት። ኮሚሽነሩ ግን የጎደለውን ሠራተኛ የመቅጠርና የጸናውን ሕግ የማስፈጸም ሥራ ነው የተሰጣቸው፤ ያገዱትን 90 ቀን ሳይጠብቁ ሊመልሱት ይገባ ነበር።