ጀበናና ዝሆን

አክስቴ ቡና ስታፈላ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሻይ በራድ ኢሞጂ ትልካለች። ያን ቦርጫሙን የፈረንጅ በራድ። ያየ ይመጣል። ባለፈው እሁድ ግን «እስቲ ጀበና ፈልግልኝ፤ ያንተ ስልክ አዲስ አይደል?» አለችኝ።

አዲስ ነው፤ ጀበና ግን የለውም። የማንም ስልክ የለውም። ኢሞጂ የሚያጸድቀው ካሊፎርኒያ ያለው ዩኒኮድ ኮንሰርቲየም ነው፤ ፊደልና ምልክት በየስልኩና በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲነበብ ደንብ የሚያወጣው ማኅበር። ደግነቱ ማንም ማመልከት ይችላል። በርሊን ትኖር የነበረች የ15 ዓመት ሳዑዲያዊት፣ ራዩፍ አልሁመይዲ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሂጃብ የለበሰች ሴት ትግባ ብላ አመለከተች። በዓመቱ ገባችላት።

እኔስ ምን ይጎድለኛል ብዬ መመሪያውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሥዕል ይጠይቃል፤ አንዱ 72 በ72 ፒክስል፣ አንዱ 18 በ18። ትልቁ አማረብኝ። ትንሹ ላይ ጀበናዬ የእጅ ቦምብ መሰለች።

ፊርማ ላሰባስብ አልኩ። ፊርማ አይቆጠርም። እድርተኛው በሙሉ ቢፈርም ዋጋ የለውም። «ያለው ኢሞጂ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄም አለ። ይኸው በ2020 እ.ኤ.አ. የገባው በራድ መጣብኝ!

ዋናው ማስረጃ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ነገሩን ጉግል ላይ ምን ያህል ይፈልገዋል? ማወዳደሪያው ደግሞ ዝሆን ነው። አልቀለድኩም። በአጠቃቀም መሀል ላይ ያለ ኢሞጂ ስለሆነ፣ የራሳችሁን ቃል ከ«ዝሆን» ጎን አስቀምጡና አሳዩን ይላሉ። (ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ከዝሆን ጋር ያፎካከረው ያለ አይመስለኝም።)

እንግዲህ ጀበናን ማን ጉግል ላይ ይፈልጋታል? አክስቴ ጀበናዋ ከጠፋች የምትፈልጋት ጎረቤት ቤት ነው። አውሳት ረስታ ይሆናል፣ ወይ ጎረቤት ተውሳት መመለሱን ረስታዋለች። ዝሆን ጎረቤት ቤት ስለማይገኝ ነው እንጂ እሱንም ማንም ጉግል አያደርገውም ነበር።

ጥንቃቄያቸው ይገባኛል። አንዴ የገባ ኢሞጂ አይሰረዝም። ፋክስ ማሽኑ እስከ ዛሬ ተደላድሎ ተቀምጧል። ፍሎፒ ዲስኩም አለ። ፔጀሩም! ጀበና ግን ዛሬም በየቀኑ ሦስቴ እየተጣደች ማስረጃ አምጪ ትባላለች።

ለአክስቴ ነገሩን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ዝሆን ነው ያልከው?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ግሩፑ ውስጥ አንድ ዝሆን ብቅ አለ። ማንም ምንድነው ብሎ አልጠየቀም። ስደርስ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነበር።