የማይተኛው ቡድን

ከአውራ ዶሮ ቀድሞ የሚነሳ ነገር ቢኖር የትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ቡድን ነው። ጎህ ሳይቀድ አንዱ የጽጌረዳ ሥዕል ይለጥፋል። ሥዕሉ ላይ «መልካም ሰኞ» ይላል። ሌላው «አሜን» ብሎ ይቀበላል። ሦስተኛው ሌላ ጽጌረዳ ያመጣል። ሰኞ መልካም መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ ቁርስ ሳይበላ በቂ ምስክር ያገኛል። ማክሰኞ ደግሞ ከዜሮ እንጀምራለን።

«አክቲቭ ቡድን» ማለት ይህ ነው። ከሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አሜሪካኖች፣ ከበጎ ፈቃደኞቹ አስተማሪዎች፣ እንግሊዝኛ የተማሩት አዛውንት አሉ፣ አምና የጨረሱት ጎረምሶችም አሉ። ከቡድኑ ስም ሥር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ ተጽፏል። እስካሁን ሎሚ ይዞ የመጣ የለም፣ ጌጡ ግን ሞልቷል።

ብቃታችን እንዲገባችሁ እነዚያን አስተማሪዎች ከእኛ ጋር ላወዳድር። የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከ250 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበተኑ። አንድ ሰው የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት! እኛ እዚያ ግቢ ከዚያ የበለጠ ጊዜ የፈጀነው አጥር ላይ ተቀምጠን ነው። እነሱ ግን በዚህችው ሁለት ዓመት ተነሥተው ማኅበር አቋቋሙ። ስድሳ ዓመት አልፎም ይጠያየቃሉ፣ ጋዜጣ ያዘጋጃሉ። የማኅበራቸው ስም ኢትዮጵያንም ኤርትራንም ይዟል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ እነሱ ስሙን አልተካፈሉም። እ.ኤ.አ. በ1998 በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት መጣ፤ አሁንም አልተካፈሉም። ምን ዓይነት ፈዛዛነት ነው? እኛ በአንድ በር ገብተን፣ በአንድ ደወል ወጥተን፣ ሦስት ቡድን አለን። «የቀድሞ ተማሪዎች»፣ «እውነተኛዎቹ የቀድሞ ተማሪዎች» እና «ፖለቲካ የማይወራበት»። ፖለቲካው ያለው ሦስተኛው ውስጥ ነው።

በአመራርም ቢሆን አይደርሱብንም። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ሴናተር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የዴሞክራቶች ዕጩ ፕሬዚዳንት ለመሆን ተወዳድሮ ተሸነፈና ውጤቱን ተቀበለ። መቱ ያስተማረው ጆን ጋራመንዲ ደግሞ ኮንግረስ ገባ። ደስ ይላል። ግን የእኛን የአድሚን ምርጫ አላዩም። ተሸናፊው ውጤቱን ተቀብሎ አያውቅም፤ ሁለተኛው ቡድን የተወለደውም እንደዚያ ነው።

የቡድናችን ታላቅ ቀን ሚስተር የገቡ ዕለት ነበር። ሚስተር ድሮ እኛ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ ተማሪ አስተባብረው ቤተ መጻሕፍቱን ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ዋሺንግተን ያለ አንድ ልጅ ፈልጎ አገኛቸውና ቡድኑ ውስጥ ጨመራቸው። አቀባበሉ ልዩ ነበር። ጭብጨባ፣ ችቦ፣ ባንዲራ፣ የሚጨፍር ድብ ሳይቀር ተላከላቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 «የሰላም ጓድ ይውጣ» ብለው የጮኹ አንድ ጋሼም አራት ቀይ ልብ ላኩ። (እሳቸው በዚያ ሰልፍ ከኋላ ነበርኩ ይላሉ። እኔ እስካሁን ከፊት ነበርኩ ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።)

ሚስተር በአማርኛ ጻፉ። «ልጆች፣ እንደምን ናችሁ? ቤተ መጻሕፍቱ አሁንም አለ ወይ? ምን ይጎድለዋል?»

መልሱ ጎረፈ። አንዱ «መልካም ልደት» አላቸው፤ የዚያን ቀን የሌላ ሰው ልደት ነበር። አንዱ ስለ ዲቪ ጠየቃቸው። አንዷ የምትጸልይ ሕፃን ቪዲዮ ላከችና «ለዐሥር ሰው ካላስተላለፋችሁ» ብላ አስጠነቀቀች። ትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖር አንድ ልጅ ብቻ ሄዶ ፎቶ አነሣ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወንበሮቹ ተሰባብረዋል። ከፎቶው ሥር «ኧረ ትዝታ ቀሰቀስክብን!» የሚል ዘነበ። ያቺ ጥግ ላይ ማን ለማን ደብዳቤ እንደጻፈ ለሦስት ቀን ተወራ።

በአራተኛው ቀን ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ስብሰባው ቅዳሜ ይሁን እሑድ የሚል ድምፅ መስጫ ወጣ፤ «ሁለቱም ይመቸኛል» የሚለው አሸነፈ። በዙም የተገናኘነው ረቡዕ ነው። «ይሰማል?» «አይሰማም!» «አሁንስ?» ስንባባል ሰዓቱ አለቀ። ቃለ ጉባኤው ግን ውይይቱ ፍሬያማ እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚያ የባንክ ቁጥር ተለጠፈ። ሚስተር ቀድመው ላኩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ቡድኑ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ጽጌረዳ እንኳ ለግማሽ ቀን ቀረ። በመጨረሻ አንድ ዶክተር ሁላችንንም ገላገሉን። «ችግሩ የወንበር አይደለም፣ የሲስተም ነው» አሉ። እውነት ነው፤ ሲስተም የሚሠራ አናጢ የለም። ተስማምተን ወደ «መልካም ኀሙስ» ተመለስን።

ባለፈው ወር ሚስተር ከቡድኑ ወጡ። አድሚናችን እንደ ወትሮው ቅልጥፍና አልጎደለውም። «ውድ አባላት፣ ሚስተር ዛሬ ተለይተውናል» ብሎ ጻፈ።

«ነፍስ ይማር» የሚለው ሲወርድ ማንበብ አልተቻለም። ሻማ ተለጠፈ። ቁርኣንም ዳዊትም ተጠቀሰ። ሚስተርን በዐይናቸው ያላዩ ሰዎች በጆሯቸው ይዘው እንደቀጧቸው አስታወሱ። የአበባ ጉንጉን፣ ፎቶ ያለበት ቲሸርት፣ የሻማ ማብራት መርሐ ግብር ታሰበ። ባንኩ፣ ቴሌብሩ፣ የአሜሪካው ዜል ሁሉ ተጨናነቀ። ለወንበር ወራት ሙሉ ጠፍቶ የነበረው ገንዘብ ሌሊቱን ብቻ ሞልቶ ፈሰሰ። ሦስቱ ቡድኖችም ተገናኙ። ዶክተሩም ላኩ፤ ስለ ሲስተም ምንም አላሉም።

ጠዋት የዋሺንግተኑ ልጅ ሐዘን ሊደርስ ደወለ። ስልኩን ያነሱት ሚስተር ናቸው። ድምፃቸውን ቀርጾ ላከልን። «ደህና ነኝ፣ ልጆች። ስልኬ በጽጌረዳ ሞልቶብኝ ነው የወጣሁት።»

«አሜን፣ አሜን፣ አሜን» አልን።

አንድ ጎረምሳ «እንግዲያው የተዋጣው ለቤተ መጻሕፍቱ ይሁን» ብሎ ጻፈ። ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። ገንዘብ ያዣችን በትዕግሥት አስረዱት። ብሩ የተሰበሰበው ለሐዘን ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ማዋል ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ሰውዬውም ሰማንያ አምስት አልፏቸዋል። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።